ሥዕሉን ትተን ደረሰኙን እንይ

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመት። መምህራችን ስለ ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ሥዕል ሲያስተምሩን ‹መካከለኛው መደብ በገንዘቡ ያበላሸው ሥዕል› ብለው በአሥር ደቂቃ አለፉት። እኔ ግን ቤት ገብቼ በስልኬ ፈልጌ ሳያቸው ወደድኳቸው። ታሪክ ይነግራሉ፤ ዝርዝራቸው ያስደንቃል። እውነት ያበላሸው መካከለኛው መደብ ነው? ተጽዕኖውስ ሥዕሉ ላይ በምን ይታወቃል? መውደዴስ ያሳፍራል?»

ተማሪ ነኝ ስላልሽ አንቺ ልበልሽ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ አያሳፍርም። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ሁሉንም ባይሆንም። መምህርሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ግን ነገሩ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። እኔ ተማሪዎቼን ሳስተምር ሥዕሉን ካየን በኋላ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ «ማን ከፈለ? ስንት? ለምኑ?» እዚያ ላይ ክፍሉ ይነቃል።

መጀመሪያ «መካከለኛ መደብ» የሚለው ቃል ራሱ እንዳያሳስትሽ። እኛ ጋ ቃሉ ሲነሳ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ኮንዶሚኒየም የደረሰው መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት ዘመን፣ ከ1837 እስከ 1901 ማለት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ቃሉ በጣም ሰፊ ነበር። መሬትና ማዕረግ ያልወረሰ፣ በቀን ሥራም የማያድር፣ መሐል ላይ ያለው ሁሉ ነው። በደሞዝ የሚኖረው የቢሮ ጸሐፊ መካከለኛ መደብ ነው። ብዙ መቶ ሠራተኛ የሚያስተዳድረው የማንቸስተር ባለ ፋብሪካም መካከለኛ መደብ ነው። የሁለቱ ኪስ ግን አይገናኝም።

ስለዚህ ሁለት ኪስ አለ እንበል። ትልቁ ኪስ ሸራውን ገዛ። ትንሹ ኪስ በወረቀት የተባዛውን የሥዕሉን ህትመትና የኤግዚቢሽን መግቢያ ትኬቱን ገዛ። ስለ ተጽዕኖ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ትልቁ ነው። እኔ ግን ሥዕሉን የበለጠ የለወጠው ትንሹ ኪስ ነው ባይ ነኝ።

ከትልቁ እንጀምር። ከዚያ በፊት እንግሊዝ ውስጥ በብዛት ሥዕል የሚሰበስበው ባለ ርስቱ ነበር። ልጁን ጣሊያን ይልካል፤ ልጁ የጥንት ሊቃውንት ሥራ የተባለ ነገር ይዞ ይመለሳል። በሕይወት ላለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ በአመዛኙ የሚተርፈው የቤተሰቡን መልክ መሣል ነው። ከጨርቅ፣ ከብረትና ከመርከብ ገንዘብ ያገኘው አዲሱ ሀብታም ግን እንዲህ አላደገም። ደላላ መጥቶ «ይህ የጥንቱ የጣሊያን ሠዓሊ የራፋኤል ሥራ ነው» ቢለው በምን ያውቃል? ገበያው ደግሞ በሐሰተኛ «ጥንታዊ» ሥዕል የተሞላ ነበር። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ በጣቱ እያሸ የገዛ ነጋዴ ነው። ማጭበርበር ምን እንደሆነ ያውቃል። መፍትሔው ቀላል ሆነለት፤ ከሕያው ሠዓሊ መግዛት። ሠዓሊው ቤት ሄዶ ቀለሙ ሳይደርቅ ያየዋል። ከተጠራጠረም ሠዓሊው ራሱ «የእጄ ሥራ ነው» ብሎ ይጽፍለታል።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። የአንድ አገር የሥዕል ገበያ ከሙታን ወደ ሕያዋን የዞረው ግን በዚህ ነው። ሮበርት ቨርነን ለጦር ሠራዊቱ ፈረስ እያቀረበ የበለጸገ ሰው ነበር። የሰበሰባቸውን የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ሥራዎች በ1847 ለሕዝብ ሰጠ። ከሊድስ የጨርቅ ባለ ፋብሪካዎች ቤተሰብ የመጣው ጆን ሺፕሻንክስ በ1857 233 የዘይት ቀለም ሥዕሎች ለገሠ። ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም ይገኛሉ። በ1897 የተከፈተው የቴት ጋለሪም ስሙን ያገኘው ከስኳር ነጋዴው ከሄንሪ ቴት ነው። ፈረስ፣ ጨርቅ፣ ስኳር። ለንደን ሄደሽ የእንግሊዝ ሥዕል ስታዪ በአብዛኛው የምታዪው የእነዚህን ሰዎች ሳሎን ነው።

አሁን አንድ ሥዕል ቀረብ ብለን እንይ። የሆልማን ሀንት «የነቃ ሕሊና» ነው፤ የተሣለው በ1853፣ የሚገኘው ቴት ብሪትን። አንድ ወንድ ፒያኖ ፊት ተቀምጧል። አንዲት ወጣት ከጭኑ ላይ ተነሥታ ልትቆም ነው። እጆቿን ያያዘችበትን ልብ ብለሽ እይ፤ ጣቶቿ ሁሉ ቀለበት አላቸው፣ የጋብቻው ጣት ብቻ ባዶ ነው። ሚስቱ አይደለችም፤ ቤት ተከራይቶ ያስቀመጣት ናት። ከጠረጴዛው ሥር ድመት አንድ ወፍ ይዛለች፤ ወፏ ገና አልሞተችም። ወለሉ ላይ የተጣለ ጓንት አለ። የተወሳሰበ የጥልፍ ክር አለ። ከኋላዋ መስታወት አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ እሷ የምታየው፣ እኛ ግን ጀርባችንን የሰጠነው ፀሐያማ አትክልት ቦታ ይታያል።

በ1854 ለሕዝብ ሲታይ ብዙ ሰው ግራ ገባው። የዘመኑ ትልቅ ሐያሲ ጆን ረስኪን «ታይምስ» ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ጻፈ። እኔን የሚገርመኝ ያነሳው ነጥብ ነው። ዕቃውን እዩት አለ። ሁሉም አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል። የቤተሰብ ትዝታ ያለበት አንድም ነገር የለም። የቀሚሷን ጠርዝ እንኳ፣ ሠዓሊው ክር በክር የሣለውን፣ ነገ ጎዳና ላይ አቧራና ዝናብ ያቆሽሸዋል ብሎ አነበበው። የዕቃን ዋጋ፣ ዕድሜና ትርጉም በአንድ እይታ የሚለይ ተመልካች ማን ነው? በቅርቡ ቤት ያሟላ ሰው ነው። እኛም አገር እንግዳ ሆነሽ ሰው ቤት ስትገቢ ሶፋው ላይ ያለውን ላስቲክ አይተሽ መቼ እንደተገዛ ታውቂያለሽ። ሥዕሉ የተሣለው እንዲህ ዓይነት ዓይን ላለው ሰው ነው።

የዚህ ሥዕል ገዢ ቶማስ ፌርበርን ይባላል፤ ከማንቸስተር የማሽን ሥራ ባለቤቶች ቤተሰብ ነው። የሴትየዋ ፊት መጀመሪያ ከአሁኑ የባሰ ነበር፤ ሕመምና ድንጋጤ ሞልቶበት ነበር። ፌርበርን ቤቱ ሰቅሎ በየቀኑ ሊያየው አልቻለም። ሀንትን እባክህ አስተካክልልኝ አለው። ሀንትም ፊቷን እንደገና ሣለው። ዛሬ የምናየው ለስለስ ያለው ነው።

ይኸውልሽ፣ የመምህርሽ ክስ በአንድ ምሳሌ። ገዢው ጠየቀ፤ ሠዓሊው ፊት አለሰለሰ። ግን በሌላ በኩልም እይው። ስለ ተቀማጭ ሴት ግልጽ ሥዕል እንዲሣል ገንዘብ የሰጠው ያው ባለ ፋብሪካ ነው። መስፍን ወይም ቤተ ክርስቲያን አላዘዘውም። ሰውየው ርእሱን ደፈረ፤ ፊቷን ግን ቁርስ ሲበላ ማየት አቃተው። ሥዕል ከቤተ መንግሥት አዳራሽ ወጥቶ የመኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሚመጣ ነገር ነው። ከሕፃናት ጋር፣ ከአማት ጋር አብሮ መኖር አለበት።

ከዚህ የባሰ ጣልቃ የገባም አለ። ፎርድ ማዶክስ ብራውን «ሥራ» የሚለውን ትልቅ ሥዕሉን በ1852 ጀመረ። ለንደን ውስጥ በበጋ ፀሐይ መንገድ የሚቆፍሩ ሠራተኞችን ያሳያል፤ በዙሪያቸው ሥራ የማያስፈልገው ሀብታምና ሥራ ያጣ ድኻ ቆመዋል። የሊድሱ የአክሲዮን ደላላ ቶማስ ፕሊንት ገዛው፤ ገና ሳያልቅ። ከዚያ ደብዳቤ ጻፈ። የሚያደንቃቸውን ሁለት አሳቢዎች፣ ካርላይልንና ኪንግስሊን ጨምርልኝ። በሥዕሉ ካሉት ያጌጡ ሴቶች አንዷን ደግሞ መንፈሳዊ ትራክት የያዘች፣ ቁጥብ አድርግልኝ። ፕሊንት አጥባቂ ፕሮቴስታንት ነበር። ብራውንም ካርላይልን አስገባ፤ በኪንግስሊ ፈንታ ሌላ ሰው አቆመ፤ ትራክት አዳይዋንም ሣላት። ሥዕሉ ያለቀው በ1865 ነው። ፕሊንት በ1861 ሞቶ ስለነበር አላየውም። ሴትዮዋ ግን እስከ ዛሬ ማንቸስተር ውስጥ ለቆፋሪዎቹ ወረቀቷን ታድላለች። ቆፋሪዎቹ ዞር ብለውም አላዩዋት። ብራውን እዚህ ጋ ገዢውን ትንሽ የተበቀለው ይመስለኛል።

ትልቁ ኪስ ይህን ይመስላል። አሁን ወደ ትንሹ።

ዊልያም ፓወል ፍሪዝ የሚባል ሠዓሊ በ1858 «የደርቢ ቀን» የተባለ ሥዕል በለንደኑ የሠዓሊዎች ተቋም፣ በሮያል አካዳሚው ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበ። ስፋቱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ርእሱ የፈረስ እሽቅድምድም ነው፤ ፈረሶቹ ግን ሩቅ ጥግ ላይ ናቸው። ፊት ለፊት ያለው ሕዝቡ ነው። ቁማር አጫዋች፣ ብሩን ተበልቶ እጁን ባዶ ኪሱ የከተተ ወጣት፣ ኪስ አውላቂ፣ ባለ ሠረገላ። መሐል ላይ ነጭ ልብስ የለበሰ ትንሽ የአክሮባት ልጅ አለ። አባቱ እጁን ዘርግቶ ይጠራዋል፤ ልጁ ግን አንዱ አሽከር የሚዘረጋውን ምሳ ላይ ዓይኑ ተተክሏል። ርቦታል። እኔ ይህን ሥዕል ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። ፍሪዝ ሕዝቡን ለማጥናት ፎቶ አንሺ ልኮ ቦታው ላይ ፎቶ አስነሥቷል። ሕዝቡ ሊያየው ሲጋፋ ሸራው እንዳይበላሽ የብረት አጥር ተደረገለት።

ደረሰኙ ላይ የማተኩረው እዚህ ነው። ሸራውን የገዛው ጃኮብ ቤል የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ 1,500 ፓውንድ ከፈለ። ኧርነስት ጋምባርት የሚባል ቤልጂየማዊ የሥዕል ነጋዴ ደግሞ በብረት ሰሌዳ አስቀርጾ የማባዛት መብቱን ብቻ ገዛ። ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 1,500 ፓውንድ። ያው ዋጋ! የሥዕሉ ጥላ ከሥዕሉ እኩል አወጣ። ሸራው በኋላ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ዞሮ ታይቷል፤ ሰው ከፍሎ እንዲያየው፣ ከዚያም ህትመቱን እንዲያዝ።

ከአራት ዓመት በኋላ ነገሩ ጭራሽ ገፋ። ነጋዴው ሉዊስ ፍላታው «የባቡር ጣቢያ» የሚለውን ሥዕል ፍሪዝን በ4,500 ፓውንድ አዘዘው። ሌላ 750 ፓውንድ ጨመረለት፤ ለአካዳሚው እንዳይሰጠው። በራሱ ማሳያ ክፍል አስቀምጦ አንድ አንድ ሺሊንግ አስከፈለ። በሰባት ሳምንት 21,150 ሰው ገባ። ሥዕሉ ላይ ግራ በኩል ከባቡሩ ነጂ ጋር የሚያወራ ሰው አለ፤ ፍላታው ራሱ ነው። ነጋዴው ሥዕሉ ውስጥም ገባ። ዓይን አውጣ!

ሒሳቡ ሠዓሊውን ምን እንደሚያስተምረው አስቢ። አንድ ሀብታም ደስ ቢለው አንድ ሸራ ይሸጣል። ሃያ ሺህ ጸሐፊ፣ ባለ ሱቅና አስተማሪ ደስ ቢላቸው ሀብታም ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ቀለሙን አያገኙትም። ህትመቱ ጥቁርና ነጭ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ቢጠፋም የሚተርፍ ነገር ያስፈልጋል። ምን ይተርፋል? ታሪኩ። የፊት ገጽታ። ጓንቱ፣ ድመቷ፣ ባዶው ጣት። የቪክቶሪያ ሥዕል ለምን ይህን ያህል ያወራል ላልሽው፣ አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ልብ ወለድ በየወሩ በክፍል እየገዛ የሚያነብ ሕዝብ ነው፤ ሥዕልም ቁጭ ብሎ ያነባል።

ህትመቱ ውስጥም ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ የወጡት ጥቂቶች፣ ሠዓሊው የፈረመባቸው፣ ውዶቹ ናቸው። ቀጥሎ ከሥሩ ጽሑፍ ሳይቀረጽ የታተሙት። በመጨረሻ ተራው። ምስሉ አንድ ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለው ክብር ግን ይለያያል። በ1847 የህትመት ነጋዴዎቹ ማኅበር አቋቁመው ውድ ውዶቹ ላይ ማኅተም ማድረግ ጀመሩ። የጎረቤትሽን ህትመት ጠጋ ብለሽ ማኅተሙን ስትፈልጊ ይታይሽ።

በ1837 የተቋቋመ «የለንደን የሥነ ጥበብ ማኅበር» ልንለው የምንችል ነገርም ነበር። ዕቁብና ሎተሪ የተጋቡበት ነው። አባሉ በዓመት አንድ ጊኒ ይከፍላል። ጊኒ ማለት 21 ሺሊንግ ነው፤ ፓውንድ 20 ሺሊንግ ነው። ይህን ልዩነት ያዢልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። የከፈለ ሁሉ አንድ ህትመት ይደርሰዋል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የወጣለት በሽልማቱ ገንዘብ ከዓመቱ ኤግዚቢሽኖች እውነተኛ ሥዕል መርጦ ይወስዳል። ቁማር ነው አይደለም የሚለው ክርክር በ1846 በፓርላማ ሕግ ተፈታ። አካዳሚውን የሚያደንቁ ሰዎች በዚህ ተናደዱ፤ የባለ ሱቅ ምርጫ ጥበብን ያዋርዳል አሉ። የመምህርሽ ዐረፍተ ነገር ያኔም ነበር ማለት ነው።

ይህ ገበያ እኛንም አንድ ጊዜ ነክቶናል። ከመቅደላ በኋላ፣ በ1868 በጋ፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ካሜሮን የዘመኑ ታላቅ የፎቶ ጥበብ ሰው ነበረች። የአባቱን ሞት፣ የእናቱን ሞት በአንድ ወቅት ያየ ልጅ ነው። ዓይኑን አይቶ ዝም የማይል የለም። ግን ያ ምስል የቤተሰብ ማስታወሻ አልነበረም። ካሜሮን ፎቶዎቿን የባለቤትነት መብት እያስመዘገበች ለንደን ባለ የህትመት ነጋዴ በኩል ትሸጥ ነበር። የዓለማየሁ ሐዘን የወጣው በዚያው በትንሹ ኪስ ገበያ ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ልል እችል ነበር፤ ጥያቄሽ ግን ሌላ ነው።

የመካከለኛውን መደብ ምርጫ ቤተ መንግሥቱም ተከተለ። ፍሪዝ በ1854 ራምስጌት ባሕር ዳርቻ የሚዝናኑ ተራ ቤተሰቦችን ሣለ፤ ባቡር ያመጣቸው ናቸው። ንግሥቲቱ ገዛችው። በ1874 ደግሞ ኤሊዛቤት ቶምፕሰን ከክራይሚያ ጦርነት የተረፉ፣ በበረዶ ላይ ስማቸው የሚጠራ ወታደሮችን ሣለች። ያዘዛት የማንቸስተር ባለ ፋብሪካ ነበር። ንግሥቲቱ አይታው ፈለገችው፤ ሰውየውም ለቀቀላት። ድሮ ሕዝቡ የንጉሡን ምርጫ ይከተል ነበር። እዚህ ጋ ተገለበጠ።

መጥፎውን አልደብቅሽም። ሆድ የሚያባባ ሥዕል በዛ። ታማኝ ውሻ፣ የታመመ ሕፃን፣ ጸሎት የምታደርግ ልጅ። አንድ ሁለቱ ደስ ይላሉ፤ አሥር ሲሆኑ እጅ እጅ ይላሉ። ልፋት የሚታይበት ሥራ ተወደደ፤ ገዢው ስንት ሰዓት እንደተሠራ ማየት ይፈልጋል። ልቅ ብሎ የተሣለ ነገር ያልተጨረሰ ዕቃ መሰለው። የሰውነት ራቁትነት ደግሞ ግሪክ ወይም ሮም ካልሄደ አይፈቀድም ነበር። በ1885 «አንዲት የብሪታንያ እመቤት» በሚል ስም ራቁት ሥዕልን የሚያወግዝ ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አገር ተንጫጫ።

የመብቱ ንግድም መልሶ ሠዓሊውን ነከሰ። ሚሌ በ1886 የልጅ ልጁን የሳሙና አረፋ ሲነፋ ሣለው። ሥዕሉ ከነመብቱ ወደ ፒርስ ሳሙና ድርጅት ዞረ፤ ማስታወቂያ ሆነ። ሠዓሊው መብቱ እጁ ላይ ስላልነበረ ማስቆም አልቻለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ተራው የፍሪዝ ደረሰ። አዲስ ነጭ ቀሚሷን የምታሳይ ትንሽ ልጅ ሥሎ ነበር። የሳሙናው ሀብታም ሌቨር ገዛውና «እንዴት ንጹሕ!» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ጨምሮ ለሰንላይት ሳሙና አዋለው። ፍሪዝ ቅሬታውን አሰማ። በህትመት መብት የከበረው ያው ፍሪዝ! ባላዝንለትም እረዳዋለሁ።

ታዲያ አበላሹት? አንድ ሰው ልጥቀስልሽና አንቺው ፍረጂ። ቶማስ ሆሎዌይ ሁሉን ይፈውሳል የተባለ ክኒንና ቅባት እየሸጠ እጅግ የበለጸገ ሰው ነው። ብዙው ሀብቱ ከማስታወቂያ የመጣ ነው። በስተርጅናው የሴቶች ኮሌጅ አሠራ፤ ከ1881 እስከ 1883 ባለው ጊዜም ለኮሌጁ 77 ሥዕል ገዛ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ። ለኤድዊን ሎንግ «የባቢሎን የጋብቻ ገበያ» 6,615 ፓውንድ ከፈለ። ሴቶች በጨረታ ሲሸጡ የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ሴቶች በሚማሩበት ኮሌጅ ተሰቀለ። ነገሩን ያሰበበት ይሁን ያላሰበበት ሁሌ ያከራክረኛል። ፍላታው ያዘዘው የባቡር ጣቢያም እዚያው ነው።

ከነዚህ ጎን ግን ሉክ ፋይልድስ በ1874 ያቀረበው ሥዕል አለ። የክረምት ሌሊት ነው፤ መንገዱ ጭቃ። መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ወረቀት ለመቀበል ግድግዳ ታክከው ተሰልፈዋል። ልጅ ያዘለች እናት፣ ሰካራም፣ ሥራ ያጣ አባት። ምንም አያባብልም። ሥዕሉ የተወለደው በ1869 «ግራፊክ» ለሚባል ሳምንታዊ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ከተሠራ ምስል ነው፤ ማለትም ከትንሹ ኪስ። የመጽሔት ገዢው መጀመሪያ አየው፤ በኋላ ክኒን ሻጩ ሸራውን ገዛ። ያው ሣሎኑ ውስጥ የውሻ ሥዕል የሚሰቅለው መደብ ይህንንም ሰቀለ። «አበላሹ» የሚለው ቃል ይህን ሥዕል ሲያገኝ መቆም አለበት።

«ከመካከለኛው መደብ ያመለጡ» የሚባሉት ሠዓሊዎችም ከዚያው ድስት ነው የበሉት። የሮሴቲ ደንበኞች የባንክ ሰዎች፣ ደላሎችና ባለ መርከቦች ነበሩ። «ሥዕል ታሪክ መናገር የለበትም» ብሎ የተሟገተው አሜሪካዊው ዊስለርም ዋና ደጋፊው የሊቨርፑሉ ባለ መርከብ ፍሬድሪክ ሌይላንድ ነበር።

የሁለቱን ጠብ ልንገርሽና ላብቃ። በ1876 ሌይላንድ ለንደን ያለውን የምግብ ክፍሉን ቀለም ትንሽ እንዲያስተካክልለት ዊስለርን ጠየቀው። ሌይላንድ ሊቨርፑል ሄደ። ዊስለር ሥራውን አላቆመም። ውድ የድሮ ቆዳ የለበሰውን ግድግዳ በሰማያዊ ቀባው፤ መስኮቱ መዝጊያ ላይ የወርቅ ጣዎሶች ሣለ። ባለቤቱ ሳያውቅ እንግዳና ጋዜጠኛ እየጠራ አሳየ። ከዚያ 2,000 ጊኒ ጠየቀ። ሌይላንድ ደነገጠ፤ ግማሹን እሰጥሃለሁ አለ። የከፈለው ግን 1,000 ጊኒ አይደለም፤ 1,000 ፓውንድ ነው። ያዢልኝ ያልኩሽ ልዩነት ይኸው። ሐኪም፣ ጠበቃና ሠዓሊ ሒሳባቸው በጊኒ ነው። በፓውንድ የሚከፈለው አናጺና ቀለም ቀቢ ነው። ዊስለርን ያቃጠለው ከእያንዳንዱ ጊኒ የተቆረጠችው አንዷ ሺሊንግ ናት።

ክፍሉ ዛሬ ለንደን የለም። ፍሪር የተባለ የዲትሮይት ባለ ባቡር ፋብሪካ ገዝቶ ወደ አሜሪካ ወሰደው፤ አሁን ዋሽንግተን ውስጥ በስሙ በሚጠራው ጋለሪ ይገኛል። መግቢያው ነጻ ነው። እዚያ ከተማ ዘመድ ካለሽ ሄዶ ፎቶ እንዲያነሳልሽ ጠይቂው። አንዱ ግድግዳ ላይ ሁለት የተጣሉ ጣዎሶች አሉ። አንዱ ድኻው፣ ሠዓሊው ነው። ሌላው ደረቱን የነፋው ሀብታሙ ነው። ቀረብ ብሎ የሀብታሙን እግር ሥር ያንሳልሽ፤ የተበተኑ የብር ሳንቲሞች አሉ። ሺሊንጎቹ ናቸው።